ማዋለጃ ክፍል

«ሲስተር፣ የት ክፍል ነሽ?» አለኝ ባለ ባጃጅ፤
አፌ ቀደመና፦ «እኔማ አዋላጅ።»

ውሸቴ ስድስት ዓመቱ፣ የወተት ጥርሱን ነቅሏል፤
ከአከራዬ ጀምሮ ሰፈሩ ያምነዋል።
እውነቱን ቢሰሙ ብርጭቆዬ ይለያል፤
«ከአህያ የዋለች ጊደር…» ይባልና ያልቃል፤
የቀረውን ተረት በሩ ይጨርሰዋል።

ሌሊት ተረኛ ስሆን፣ በቅጹ ላይ፣ በተርታ፣
«አጋላጭ ምክንያቶች» በሚለው ቦታ፣
«እንቅልፍ ማጣት፣ ጫት፣ ከሥራ መባረር፣
አጎቱም ታሞ ነበር» እላለሁ። ለሰፈር፣
ለሰፈር አፍ ግን አንድ መስመር የለም።
ብጠይቅ፣ አለቃዬ፦ «እሱ ምክንያት አይደለም።»

ዳንጊሶን ሲያመጡት፣ በዚያ በገመዱ፣
ጀልባ በሚያስርበት ተጠፍሮ ክንዱ፣
መቀሱ ከመሳቢያው ጠፍቶብኝ ነበረ፤
በጥርሴ ስፈታው ቋጠሮው መረረ፤
የሐይቅና የቅርፊት ጣዕሙ አፌ ላይ አደረ።

በአርባኛው ቀን ወጣ፣ መድኃኒቱን ይዞ፣
ስሙ ግን ቀደመው፣ በባጃጅ ተጉዞ።
«ውሃ ላይ ቢነሳበትስ?» አለ የጀልባ አጋሩ።
ዓሣ ይገፍፋል አሁን፣ ከዳር ሆነ መኖሩ።

እሑድ ነው። አማቴ መጥተው ከሻሸመኔ፣
አሞራ ገደል ወረድን፣ እሳቸው፣ ባሌ፣ እኔ።
አባ ኮዳው ቆሞ አንጀት ይጠብቃል፣
ቢላ ከያዘው ሰው ዓይኑን መች ይነቅላል።
ቀና አለ ባለቢላው። ዳንጊሶ ነው። አወቀኝ።
ምነው ምድር ብትከፈት፣ ውሃው ቢሰውረኝ።

«ልጄን ታውቃታለህ?» አማቴ ጠየቁት፤
«አዋላጅ ናት እኮ!» በኩራት ነገሩት።
ባሌ ውሃ ውሃውን አየ።

ዳንጊሶ ቢላውን በሱሪው ጠረገ፤
ትንሽ አሰበ መሰል፣ ፊቱን ፈገግ አደረገ፤
«እንዴት አላውቃትም? ሚስቴን አዋልዳልኝ፣
በዚያ በከባድ ሌሊት አንድ ነፍስ አትርፋልኝ!
እትብቱ ልጁ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ቢቋጠር፣
በጥርሷ ነው የፈታችው፣ መቀስ ጠፍቶ ነበር።»

ሚስት የለውም። አውቃለሁ።
«ያላገባ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አማቴ መረቁት፦ «ያሳድግልህ ልጁን!»
«አሜን» አለ ዳንጊሶ፣ ዝቅ አርጎ ራሱን፤
ዓሣውን በጋዜጣ ጠቀለለ፣ ሂሳብ አልቀበልም አለ።
«አሜን» አልኩ እኔም፣
አፌ ገመድ ገመድ፣ ሐይቅ ሐይቅ እያለኝ።