የኋላ ፍሬን

መኪናዬ ስታርሌት ሠላሳ ዓመት ያላት፣
ቀለሟን የጣና ፀሐይ የጠጣላት፣
ሞተሯ ደህና ነው፤ ጠዋት ትነሣለች፤
ከኋላዋ ብቻ ፍሬን ትረሳለች።
ፔዳሉን ስረግጥ አፍንጫዋን ቀብራ፣
እንደ ሐይቅ ዳክዬ ጅራቷን ገትራ፣
ትንሸራተታለች ትንሽ ወደ ግራ።

እንዳላማው ክሪኩን ከሥሯ ሰክቶ፣
ጎማዋን አውልቆ፣ ታምቡሮዋን መትቶ፣
ሸራዋን አሳየኝ በመዳፉ አውጥቶ፦
«ይኸ ሸራ አይደለም፣ የሸራ ትዝታ፤
ዘንድሮ ባስሞላው ለከርሞ ሊፈታ!
ታምቡሮውን ጥለን ዲስክ እንግጠምላት፤
ሶማሌ ተራ ያለ ልጅ ይፈልግላት።»

የዓሣ ማኅበሩ ሰው ሣቀ፦ «ለባልቴት ካሊፐር!
በዚህ ብር ስንት ነገር ይገዛ ነበር።»
«አፍሽ ፍሬን የለው» ብላ ያሳደገችኝ፣
እናቴ ያን ዕለት ዝም ስል ባየችኝ!

በሳምንቱ መጣ በጆንያ ታስሮ፣
ከሰው ፍራሽ ጋራ ጣራ ላይ ተሳፍሮ።
ፈታነው፦ ሁለት ብረት፣ ጥቁር፣ ዘይት የጠጣ፣
እንደ ሸርጣን ጥፍር አፉን ከፍቶ የመጣ።

«የማን ነበር?» አልኩት። ጨርቁን አነሣና፦
«ፊቷ የደቀቀ፣ ኋላዋ ግን ደህና፣
የአንዷ መኪና ነው።»
ዝም አልኩ ሰማሁና።
«ታዲያ ፍሬኑ አልያዘም?»
«ይሄ? ይዟል» አለኝ፤
ፒስተኑን በአውራ ጣት ገፋ እያሳየኝ፤
«ፍሬን አይዘገይም። እግር ነው የሚዘገይ።»
ነካሁት። ቀዝቃዛ፣ እንደ ሐይቅ ዳር ድንጋይ።

መያዣው አልገጥም አለ፤ ለካ፣ ሞረደ፣
አንድ ቡሎን ቢጎድለው ቀበሌ አሥራ አራት ሄደ፣
ክንዱ ሲላጥ እንኳ እየሣቀ ቀለደ፤
የእጅ ፍሬን ገመዱ አጥሮ እምቢ ቢለው፣
ከሞተች ቪትዝ ላይ ፈትቶ አመጣለው።

ሲመሽ አየር ማውጣት። እኔ ከመሪው ሥር፣
ሽባባው፣ ረዳቱ፣ መሬት ላይ፣ ከሃይላንድ ጠርሙስ ጋር፦
«ርገጪ!»
        ረገጥኩ።
«ያዢ!»
        ያዝኩ።
«ልቀቂ!»
«ርገጪ! ያዢ! ኧረ ቶሎ አትልቀቂ!»
በቀጭኗ ቱቦ ፊኛ ፊኛው ወጣ፣
አምባዛ ጣና ሥር ትንፋሽ እንዳወጣ።
ለካ ያን ሁሉ ዓመት ፍሬን ብዬ የረገጥኩት
አየር ነበር።
ከዚያ፣ ከእግሬ ሥር፣ አንድ ነገር እምቢ አለኝ፤
ጠነከረ፤ እንደ ጨዋ ቃል ያዘልኝ።

በማግሥቱ ሲመሽ ከበዛዊት ስወርድ፣
ዓባይ ከደንገሉ ሥር በዝግታ ሲነጉድ፣
ከቄጠማው ወጥቶ መንገድ ሊሻገር፣
ጉማሬ! ጥቁር፣ እርጥብ፣ ለሰው የማይቸገር።
ረገጥኩ።
ቆመች። ቀጥ ብላ። ግራ የለ፣ ዳክዬ የለ፤
አፍንጫና ጅራት እኩል ዝቅ አለ።
ጉማሬው አላየንም፤ እንደ ባለርስት
አለፈ ሲጎተት፣ እርምጃ ሁለት፣ ሦስት…

ጓ! ከኋላ።
ባጃጅ።
ልጁ ወረደ፣ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣
«ቆምሽ እኮ!» አለኝ፣ እሱ ከሳሽ ሆኖ።
«አዎ» አልኩት። «ቆምኩ።»
የኋላ መብራቴ ቀይ ፍርፋሪ ሆኗል፤
አጎንብሼ አየሁ፦ ዲስኩ ደህና፤ ይግላል።
«ያንተስ ፍሬን?» አልኩት። መሬት መሬት አየ፣
ቆይቶ ግራ እግሩን አንሥቶ አሳየ፦
ሸበጥ፤ ተረከዙን አስፋልት የጨረሰው።
«ይኸ ጫማ አይደለም…» ብዬ ሳልጨርስ፣
ሣቅ ቀደመኝ። ከታች ጉማሬው ሲተነፍስ።
የእንዳላማውን ቁጥር በጣቴ ጻፍኩለት፤
የባጃጁ መስተዋት አቧራ ነበረበት።