ከላይ የታየ ጭስ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤ ፀሐይዋ ግን ወጥታለች።
ያኩትስክ በሐምሌ ለጨለማ ቦታ የላት፤
ፀሐይ እንደ ዛገ መዳብ ቀልታ፣
ከጭሱ ኋላ ተንጠልጥላ ቀርታ፣
ዓይን አታጭበረብርም፣ ትኩር ብለው ቢያዩዋት።

ሳተላይቷ አለፈች፣ ስምንት መቶ ኪሎሜትር ሽቅብ፣
ሳትረግጥ፣ ሳታሸት፣ ሳታስነጥስ፤
ከሌና ወንዝ እስከ በረዶው ባሕር ድረስ
አንስታ ላከችልኝ። የኔ ሥራ ማንበብ።

ደመናና ጭስ መንታ ናቸው ላልለመደ፤
እኔ ግን በጠርዛቸው እለያለሁ፦
ደመና እንደ ተነደፈ ጥጥ፣ ክብ ክብ እየሠራ የሄደ፤
ጭስ እንደ ተፈታ ሹሩባ፣ ከአንድ ቦታ የተመዘዘ፤
ቡኒውን ክር ይዤ ወደ መነሻው እወርዳለሁ፣
እዚያ ቀይ ነጥብ አለ፣ ትኩሳት የያዘ።

ትናንት አሥራ ሰባት ነበሩ። ዛሬ አርባ አንድ።
ባልደረባዬ ኑርጉን እያዛጋ፣
«ዛፉ አይደለም፣ አፈሩ ነው የሚነድ፤
ከበረዶ ሥር ተኝቶ ከርሞ የነቃ» ይላል፣
ሻዩን እየፈለገ።

ነፋሱ ወደ ሰሜን። ቀስቱን አሰመርኩ፦
ነገ ባሕሩ ዳር፣ ከነገ ወዲያ የምድር አናት፣
ቅዳሜ ግሪንላንድ፣ በነጩ ላይ ጥላሸት።
እሳት በሌለበት ጭስ የለም ያለ ሰው
ይህን ስደተኛ ቢያየው፣
እሳቱን ጥሎ ሦስት አገር የተሻገረ!
«ሰው የሰፈረበትን አይነካም» ብዬ ጻፍኩ።
ፈረምኩ።

ስልኩ ጮኸ። አባቴ ኬስኪል፣ ከሣር ማጨጃው፤
ድምፁ በሳል ተሸርፎ፦
«ወዴት ነው የሚሄደው?»
«ወደ ሰሜን፣ አባ። በላያችሁ አልፎ።»
«አልፎ?» አለ። ዝም አለ። «ታዲያ ምን ያስላታል ላሚቱን?
ምነው ከበሬ ቆሜ አጣሁት፣ የፈረስ ማሰሪያ ግንዱን?»

የላይ ዓይን የማትነግረኝ ይህ ነው ለካ ነገሩ፦
ከሰማይ እስከ መሬት ያለውን ትመዝናለች በድምሩ፤
ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ይንሳፈፍ፣ ወይ አፍንጫ ሥር ይደር፣
አትልም። ቡኒው ያው ቡኒ፣ ቁጥሩም ያው ቁጥር።

መንደሩን ፈለግኩ። አጎላሁ። ደግሜ አጎላሁ።
ምስሉ ተቆራርሶ አራት ማዕዘን ሆነ፤
አንዲት ነጥብ፣ ወርዷ አንድ ኪሎሜትር፤
አባቴ፣ አሥራ አንዱ ከብት፣ የድርቆሹ ክምር፣
እናቴ ያረፈችበት የጥዱ ሥር፣
ሁሉም ባንድ ቀለም ተለቅልቀው፣
አራት ነጥብ ሁለት።

ሪፖርቱን መለስኩት። «አይነካም» ያልኩትን ፋቅሁ፦
«ከፍታው አልታወቀም። በአንደኛዋ ነጥብ ውስጥ ሰው ይስላል።»
ኑርጉን በትከሻዬ አሻግሮ አንብቦ፣
«አለቃ ይሰርዘዋል» አለኝ።
ይሰርዘዋ።

ከመቶ ደቂቃ በኋላ ሌላዋ ታልፋለች።
አባ፣ እየሰማኸኝ ነው? በሩን ዝጋ።
ጨርቅ አርጥብና ስንጥቁ ላይ አድርግ።
ላሚቱንም ወደ ቤት አስገባት፣
አዎ፣ ወደ ቤት፣ ከአልጋህ አጠገብ።