የሰረቀኝ ይራብ

ከቮልሆቭ ወንዝ ማዶ፣ በረዶው ከጥዱ ሥር ሲላቀቅ፣
ረግረጉ እንደ ቦካ ሊጥ ሲፍለቀለቅ፣
አጎቴ የፊም የጎማ ቦቲውን እስከ ጉልበቱ ይስባል፤
የመሣሪያውን ባትሪ በምላሱ ጫፍ ይቀምሳል፤
«አለ፣» ይላል፣ «ገና ነፍስ አለው፣»
ማዳመጫውንም ከቆቡ በላይ ይደፋል።

ሠላሳ ዓመት ትራም ነድቶ ጆሮው ግማሹ አልቋል።
እኔ ስጠራው አይሰማም፤
ብረት ግን ከአፈር ሥር ቢያንሾካሹክ
ከሾርባው ላይ ብድግ ይላል።
ከኋላው አካፋ ይዤ እከተላለሁ።
የእኔ ሥራ መቆፈር ነው፤
የሱ ማመን።

መጀመሪያ ጮኸ፦ የሰርዲን ቆርቆሮ።
ደግሞ ጮኸ፦ የትራክተር ብሎን፣ ዝገት የቆረጠመው፤
ደግሞ፦ የቮድካ ክዳን፣ ያምና ዓሣ አጥማጅ የጣለው።
ከሰዓት በኋላ ጮኸና ዝም አለ፣
እንደ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።
የፊም እጁን አነሣ። ቆምኩ።
ቀጭን ዘንጉን ወደ አፈሩ ሰደደ፣ ቀስ፣ ቀስ፣
ሐኪም የሕፃን ሆድ እንደሚዳስስ።
«ብረት ሁለት ዓይነት ነው፣» ይላል ሁልጊዜ፣
«ተኩሶ የወጣለትና ቂም የያዘ።»

ቂም የያዘ አልነበረም።
የቀበቶ ዘለበት፣ የጫማ ምስማሮች፣
ጭቃ የጎረሰ ማንኪያ።
ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ዝም።

ለዘለበቱ ጮኸ፣ ለምስማሩ አለቀሰ፣
ለጎድን አጥንቱ ግን ድምፁን አልመለሰ፤
ብረት ለብረት ነው እንባው የፈሰሰ።
ሰውየውን እኛ ነን ያገኘነው፣ በጣታችን፣
ጓንታችንን አውልቀን፣
ግላፊራ በወንፊት፣ እኔ በቀለም ብሩሽ፣
አፈርን ከአፈር እየለየን።

ልጅ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ነው።
የደረት ኪሱ በነበረበት የጣት ያህል ጥቁር ብልቃጥ፣
ብረት ያልሆነ፣ ማንም ያልጮኸለት።
በውስጡ ወረቀት ይኖራል፤ ስም፣ ያባት ስም፣ መንደር።
ትንፋሻችንን ዋጥን፤
በሃያ ሁለት ዓመት ስም ያገኘነው ለዘጠኝ ብቻ ነውና።

ማታ በግላፊራ ወጥ ቤት፣ ከመብራቱ ሥር፣
በመርፌና በንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ
ወረቀቱ እንደ ጎመን ቅጠል ተፈታ።
ባዶ።
እርሳስ ያልነካው።

«ስሙን የጻፈ ይሞታል፣ ይባል ነበር በጊዜው፤
ሞትን ሊያሞኝ ነው እንጂ፣ እርሳስስ በእጁ ነው፣»
አለ የፊም።
ግላፊራ መርፌዋን አስቀመጠች፤
«ሞት መች ፊደል ቆጠረ?»

የቀረን ማንኪያው ነው።
ጠርዙ ባንድ ወገን ሳስቷል፤ በግራው ነበር የሚበላው።
እጀታው ላይ የተቧጠጠ ነገር አለ።
ስም መሰለን። መነጽር ተቀባበልን፣
ጠመኔ ቀባነው፣ ፊደሉ ነጥቶ ወጣ፦
የሰረቀኝ ይራብ

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም።
ቀጥሎ ግላፊራ፣ ቀጥሎ እኔ፣ እንባ እስኪወጣን፤
ከሰማንያ ዓመት ጭቃ ውስጥ
አንድ የተናደደ ልጅ ተሰምቶናል።
የፊም ብቻ ማንኪያውን እያየ፦

ስሙን ከሞት ሸሸገ፣ ማንኪያውን ከሌባ፤
እኛ ማን ነን ታዲያ፣ ጉድጓዱ የምንገባ?

በግንቦት ቀበርነው፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰች ትንሽ ሣጥን፣
ከሌሎች አሥራ አንድ ጋር።
«ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈለት።
የሙዚየሙ ሰውዬ ማንኪያውን ለመስታወት ሣጥኑ ለምኖ ነበር፤
የፊም ያን ቀን ጭራሽ አልሰማም።
ከልጁ ጎን፣ በስተግራ አኖረው።

ቤት ገባን። ሾርባ ቀረበ።
አጎቴ የራሱን ማንኪያ አገላብጦ ዐየና
ከመሣሪያ ሣጥኑ ምስማር አመጣ።
ስሙን ቧጠጠ፣ ያባቱን ስም ቧጠጠ፣
የተወለደበት መንደር ላይ ሲደርስ
እጀታው አለቀበት።