አመድና ዓምድ

ባሌ ጄርቫዚዮ፣ ጡረታ ሲወጣ፣
ባቡሩን ትቶልን መዝገቡን አመጣ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደቂቃ የጻፈ፣
እጁ ሥራ ሲያጣ በእሳት ላይ አረፈ።

ምድጃው ጥቁር ነው፣ መስታወት ነው ፊቱ፣
የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው ምሳና እራቱ።
ፍሬው ጠብ ጠብ ይላል፣ በቆሎ እንደሚበተን ዶሮ ፊት፤
የካርኒያን ተራራ በረዶ ሲውጠው፣ ማራገቢያው ያፏጫል ሌሊት ከሌሊት።

ደብተሩ አራት ዓምድ አለው፦
ውጭ። ውስጥ። ስንት ከረጢት። ስንት አመድ።
አመዱን የሚመዝነው በኔ ሚዛን ነው፣ ዱቄት በምሰፍርበት፤
አመድ በዱቄት ሲስቅ በዓይኔ አየሁት፣ እዚሁ፣ በገዛ ቤት።

«ኖቬምበር ፬። ውጭ ሁለት፣ ውስጥ ሃያ አንድ።
አንድ ከረጢት። አመድ ሰባ ግራም።
መስታወት ተወልውሏል። ነበልባል፦ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ።»

እኔን ግን በረደኝ።
ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ የሱን ካልሲ አጥልቄ፣
«ብርድ ነው፣ ጄርቫዚዮ» አልኩት፣ ከምድጃው ሥር ተጣብቄ።
ቴርሞሜትሩን አየ። እኔን አላየኝም።
«ሃያ አንድ ነው» አለ፤ «ሃያ አንድ አይበርድም።»

አለ እንጂ አልተኛም። ጥፋቱን ፍለጋ ገባ፣ ከምድጃው ሆድ።
ወንድሜ ኦሬስቴ መሰላል ይዞለት ጣራ ወጣ፣ ጥቀርሻ ሲያወርድ ዋለ፤
የበሩን ገመድ ቀየረ፣ ወረቀት ሸጉጦ ጎተተ፣ አየር ይሾልክ እንደሆን፤
የእሳቱን ሳህን ቀዳዳ በምስማር ጎረጎረ፤
የኦስትሪያው ይሻላል ቢሉት አርባ ከረጢት ሸመተ፣
ጎተራ እንደሚሞላ ገበሬ ደረደረ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ደብተሩን ገለጥኩ።
«ዲሴምበር ፲፱። ውጭ ከዜሮ በታች ስድስት። ውስጥ ሃያ ሦስት። ሁለት ከረጢት።»
በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ እንደ ዘገየ ባቡር፦
«ኤልዳ፣ ይበርዳታል። ምክንያቱ አልታወቀም።»

በማግስቱ በማስመሪያ ዓምድ ሠራልኝ። አምስተኛ።
«ኤልዳ፦ ሦስት ሹራብ። እጇ በረዶ።»
«ኤልዳ፦ ከምሳ በፊት ተኛች።»
«ኤልዳ፦ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ቀረ።»
«ኤልዳ፦ ድምፅዋ ጎረነነ። ስትስቅም።»
ስድስት ሳምንት እንዲህ ጻፈ።

ቶልሜዞ፣ ሐኪም ቤት፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሲገባ አፈርኩ።
ዶክተር ዛኒየር ግን አልሳቀችም።
አራቱን ዓምድ በአውራ ጣቷ ሸፈነች፣ አምስተኛውን አነበበች፣
ቀጥላ እጇን ዘርግታ አንገቴን ዳሰሰች።
«ምድጃችሁ ጤነኛ ነው» አለች፤ «የደከመው ሌላው ነው፣
እዚህ፣ ጉሮሮ ሥር፤ ይቺ ዕጢ ናት እሳቱን የምታነደው።»
ደም ተቀዳ። ክኒን ታዘዘ፣ ማለዳ በባዶ ሆድ፣
ከሰጋቱራው ፍሬ የሚያንስ፣ አመድ የሌለው ማገዶ።

መኪና ውስጥ ዝም አለ። ድልድዩን ካለፍን በኋላ፣
«ጭስ ማውጫውን በከንቱ ጠረግኩት ማለት ነው?»
«ቆሽሾ ነበር» አልኩት።

«ማርች ፳፪። ውጭ አራት። ውስጥ አሥራ ዘጠኝ። ግማሽ ከረጢት።
አመድ አልተመዘነም፤ ሚዛኑ ዱቄት ይዟል።
ኤልዳ፦ መስኮት ከፈተች።»
«ሙቀት ባከነ» ይላል፣ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮ፤
በሰዓቱ ለገባ ባቡር ነበር እንዲህ የሚያሰምረው ድሮ።