የጀማሪ እጅ

የማኅበሩ መጋዘን፣ ዳጉሳ የነበረበት፣
አሁን ድንጋይ ተደርድሯል፣ ሦስት ሣጥን መስታወት።
ቁልፉን ምንይችል ይዟል፤ ስሙም እንደ ሥራው ነው፣
አይጥ ሣጥኑ ውስጥ ብትወልድ፣ ምን ይችላል አንድ ሰው?

መለያውን የጻፍኩት እኔ፣
የስድስተኛ «ለ» መምህር፣ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ፣
በካርቶን፣ በጥቁር ማርከር፣ ባለሙያው ያለውን ብዬ፦
«መፋቂያ»፣ «መብሻ»፣ «ስለት»፣ «ባልጩት፣ ከሩቅ የመጣ»።
ከ«ዕድሜ» ፊት ነጥብ ነጥብ ተውኩ፣ እሱ ተመልሶ እስኪመጣ።
«እነግራችኋለሁ» ብሎ ከቁንዝላ በጀልባ ከሄደ
ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጣናም ሞልቶ ወረደ።

ሐምሌ ነው። ዝናብ ያባረራት ሸምሲያ
ወፍጮ ድንጋይ አዝላ ገባች፣ ለመጠለያ።
«አምስት ብር» አላት ምንይችል፣ ደረሰኙን እየቆጠረ።
«ድንጋይ ለማየት?» አለችው፣ የራሷ ጀርባዋን እየቆረቆረ።

ወፍጮ ጠራቢ ናት፤ አባቷም፣ የአባቷ እናትም፤
በድንጋያቸው የፈጨ ከተማ ስማቸውን አይጠራም።

ሸክሟን በሩ ሥር አውርዳ፣ በቀሚሷ ጫፍ እጇን ጠርጋ፣
ከሁለተኛው ሣጥን ቆመች፤ ዓይኗ አንዱ ላይ ረጋ።
«ይሄን ክፈትልኝ።»
ምንይችል እኔን አየ። እኔ ጣራውን።
ቆርቆሮው ይጮኻል።
ተከፈተ።

በቀኝ ያዘች፤ ተወች፤ በግራ ያዘችው፣
አውራ ጣቷን በጎኑ ላይ ዓይን እንዳለው ሰደደችው።

«መፋቂያ ያለው ማነው?»

ዝም አልኩ።

«ምንም አልፋቀም ይሄ። ስለቱ ሳይወጣ ቀርቷል።
እዚህ ጋ መታው፤ እምቢ አለ። ደግሞ መታው፤ ተናዷል።
ሦስተኛው ይኸው፣ መሐሉን፤ ተሰነጠቀበት፣ ጣለው።
ልጅ ነው፤ ገና እየለመደ። የኔም ልጅ፣ ትናንት፣ እንዲሁ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ደብተር አርሜያለሁ በቀይ፣
ላጲስ የበሳው ገጽ፣ የተቀደደ፣ ስንቱን ሳይ፤
ሦስቴ ተሞክሮ የተተወ ማካፈል አውቃለሁ ከሩቁ፣
ይሄን ግን በየቀኑ አልፌዋለሁ፤ አልታየኝም ጭንቁ።

ማን ቆሞ ያይ ነበር ከኋላው?
ተቆጣው? ወይስ ተቀብሎ፣ «እንዲህ» ብሎ አሳየው?

አባራ። ሸምሲያ ድንጋዩን ቦታው መለሰችው፣
እንደነበረ ግን አይደለም፤ በሌላ ጎኑ አስተኛችው።
የራሷን አዝላ ወጣች።
አምስት ብሩን ያነሣ የለም።

ምንይችል ሊቆልፍ ሲል «ቆይ» አልኩት፣
ካርቶኑን አወጣሁ፣ «መፋቂያ»ን ሰረዝኩት።
እንደ ልማዴ ከሥሩ «ጥሩ ሙከራ» ልል ስጽፍ፣
ማርከሩ «ጥሩ ሙ» ላይ ደረቀ፤ በምራቄም ባረጥበው አልጽፍ
አለ።
እዚያው ተውኩት።