አራት ፎቅ ኬክ ይዤ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሌጎስ ሳይሞቃት ገና፣
ሞሬኒኬ መጣች፣ በሬን መታችና፦
«አኪንሎሉ፣ ተነስ! ኬኩ ተጠናቋል፤
አምስት ሰዓት ላይ ማሪና ይጠበቃል።
አራት ፎቅ ነው፣ አየህ፤ ሠላሳ ስድስት እንቁላል፤
አንዱ ፎቅ ቢንሸራተት ስሜም አብሮት ይወድቃል።»

ቫኔ አሮጌ ናት፤ ማቀዝቀዣዋ ሞቷል፤
የግራ መስኮቷ በሽቦ ታስሯል።
የኋላ ወንበሯን ነቅዬ አወጣሁ፣
ፍራሽ አነጠፍሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብሁ።
እንደ አራስ ልጅ አቅፈን ቀስ ብለን አስገባነው፤
እሷም በርከክ ብላ በክንዷ አጠረችው።

መሀል ከተማው ደሴት ላይ ነው፣ እኛ ከማዶ፤
ሦስት ድልድይ አለ፤ ሦስቱም ላይ ሰው አብዶ
ጥሩምባ ሲያስጮህ ይውላል።

የእህቴ ልጅ ጂዴ ስልኩን ይዞ ወጣ፤
ማን ጠየቀውና? ግን ምክሩን አመጣ፦
«ሦስተኛው ድልድይ ነው፤ አረንጓዴ መስመር፤
ሠላሳ ሁለት ደቂቃ። ሌላው ቀይ ነው፣ ይቅር።»

ልጄ፣ ስልክህ የሚቆጥር ደቂቃ ነው፤
የድልድዩ ጥርስ ግን መቼ ነከሰው?
በየመጋጠሚያው ብረቱ ያገጠጠ፣
ጎማ በረገጠው ቁጥር ወገብ እየቆረጠ፣
ጓ! ይላል፣ ጓ! ደግሞ፣ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ።
ባንክ ለሚሠራ ሰው ደግ መንገድ ነው፣ ይገስግስ፤
ክሬም ለጫነ ግን…

«በካርተር እንሂድ» አልሁ። «በኢዶ፣ በገበያው፤
ሰው ይበዛል እንጂ ልስልስ ነው ጎዳናው።»
ሞሬኒኬ ሰዓቷን አየች፤ ሰማዩን አየች፤
ፀሐይ የኬክ ነገር ምን ገዷት፣ ወጣች።
«ከሚፈርስስ ይቅለጥ! በካርተር ንዳ» አለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
የእኛ ሠላሳ ስድስት በአራት ጎማ ይንፏቀቃል።

ኢቡቴ ሜታ ላይ ቆምን። ከብት የጫነ መኪና ፊት ለፊት፤
አንድ ቀንዳም በሬ፣ እንደ ተጠራ እንግዳ፣ ኬኩን አየት አየት።
ያኔ ነው ያየሁት በመስታወቴ፤ የላይኛው ፎቅ
ግንባሩ ላብ አውጥቷል፤ ጽጌረዳው ዝቅ፣ ዝቅ…

«ውሃ! ውሃ!» የሚል ልጅ በመኪኖቹ መሀል
ራሱ ላይ ሳፋ፣ ድንጋይ የሆነ በረዶ በከረጢት ይዟል።
«ስንት ነው?» «ስንቱን?» «ሁሉንም! ሳፋውን ራሱን!»
መንገዱ ተንቀሳቀሰ። ልጁ ሮጠ ጎን ለጎን፤
አንድ እጁ ሳፋው ላይ፣ በአንዱ እየወረወረ፤
ያ በሽቦ ያሰርሁት መስኮት ተገነጠለና ቀረ።
ብሩን ስናቀብለው የድልድዩ አፍ ደርሰናል፤
ስሙን ጠየቅሁት፤ «ቲሚሌዪን» ብሎኝ ወደ ኋላ ቀርቷል።

እሷ በረዶውን በፎጣ ጠቀለለች፤
ከኬኩ ዙሪያ ደረደረች፤ ጃንጥላ ዘረጋች።
መኪና ውስጥ ጃንጥላ! ሳቅሁ። «መንገድህን እይ» አለች።

ማሪና ስንገባ ሃያ ደቂቃ አልፏል።
አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ብቻውን ያፋሽካል።
«ሙሽራዋስ?» «ሦስተኛው ድልድይ ላይ።» «ሙሽራውስ?» «ከኋላዋ።»
«ቄሱስ?» «እሳቸውም እዚያው፤ ከታክሲ ጋር ሲጋፉ።» አየሁ ሞሬኒኬን፤ ተሰበሰበ ጉንጯ፤
ሳቅ ነው ብዬ ስጠብቅ እንባዋ ቀደማት።

ለካ ያ አረንጓዴ ለሁሉም ሰው ታየ፤
ሁሉም በዚያው ገባ፤ ቀይ ሆኖ ቆየ።

ኬኩ ወደ ባሕሩ ትንሽ ዘንበል ብሏል፤
ዞር አደረገችው፤ ጉድለቱን ግድግዳው ያውቃል።
የወደቀ አንድ ጽጌረዳ በሶፍት አድርጋ፦
«ይህ ለመስኮትህ ነው» አለች፣ እጇን ዘርግታ።

ማታ ባዶዬን ስመለስ ጂዴ ደወለ፦
«አጎቴ፣ ሦስተኛውን ተው፤ ጎማ ይበላል» አለ።
(አሁን ገና ገባው!)
በዚያው ነዳሁ።
መስኮት የለኝ፤ የማኮኮ ጭስ ከውሃው ላይ ይገባል፤
ኋላ ፍራሹ ብቻ፣ እንዳሻው ይዘላል።
ጽጌረዳው ከፊቴ ቀልጦ ተንሸራተተ።
ጓ!
ጣቴን ላስሁ።
ጓ!
ቫኒላ ነው።