በግራ የቆመ ዜሮ

«ዜሮ በግራ ሲቆም ዋጋ የለውም» አሉን
መምህር ጥላዬ፣ በጠመኔ ብናኝ መሐል ሲያስቆጥሩን።
አመንኳቸው። ካደግሁም በኋላ
በግራ የቆመ ሰው ሲያጋጥመኝ አልፌዋለሁ፣ ወደ ሌላ።

ብሬመርሃፈን። ጭጋግ። የኮንቴነር ጋራ።
ሌሊቱን ተረኛ ነኝ፣ ከማሽን ጋር የማወራ።
ኤኖ ጡረታ ሲወጣ ትቶልን የሄደው ስክሪፕት
የገባ የወጣውን ይመዘግባል በየሰዓት።
በሰባት ይቆጥራል።
በስምንት ይሞታል።
በዘጠኝም በድን ነው። በአሥር ግን ይነሣል፣
ምንም እንዳልሆነ ሰው አቧራውን ያራግፋል።

ዊብከ «ሰይጣን ገብቶበታል» አለች፣
ብስኩቷን ሻይ ውስጥ እየነከረች።
እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦
የእነሱ ስምንት በእናቴ ሰዓት ሁለት ነው፣
ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበት፤
ማንም የማይሞትበት።

አምስት ሌሊት ፈጀብኝ።
ለካ ሼሉ ከቁጥር ፊት ዜሮ ሲያይ
ሁለት አውራ ጣቶቹን ወደ መዳፉ አጥፎ
በቀሩት ስምንቱ ነው የሚቆጥረው!
ዜሮ ሰባትን ያውቃል። ዜሮ ስምንት ሲሉት
ጣት ያጣል፣ ይደነግጣል፣ ይወድቃል።
ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ ጽፈህ ብትሰጠው ደግሞ
ስምንት ነው ብሎ ይምልልሃል።
መምህር ጥላዬ፣ ይስሙኝ፤
ያ በግራ የቆመው ወደብ አቆመ።

ከሰዓቱ ፊት አሥርና መሰላል ጻፍኩለት፤
«በአሥሩም ጣትህ ቁጠር» ማለት ነው በእሱ አፍ።

ለኤኖ ልንገረው አልኩ።
በየካቲት ቀብረነዋል፣ ነፋሱ ጃንጥላችንን እየገለበጠ።
ቢሆንም ጻፍኩ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ፣ በድርብ ጥቅስ መሐል፦
"ሞይን!ኤኖ"

ረስቼው ነው እንጂ
ቃለ አጋኖ ለሼሉ ደስታ አይደለም፣
ታሪክን መቀስቀሻ ነው።
ያለፈ ትእዛዜን ሁሉ፣ የማታውን፣ የትናንቱን፣
አገላብጦ አገላብጦ
«ኤኖ፦ እንዲህ ያለ ክስተት አልተገኘም» አለኝ።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ።
ከውጭ ክሬኑ ያቃስታል።

ድርቡ አላስጠለለውም።
መልሼ ስሙን በነጠላ ሸፈንኩት፤
እንዳለ፣ ሳይነካካው፣ አስተጋባልኝ።

ነጋ።
ዜሮ ስምንት ሰዓት፣ በእናቴ ሁለት።
ማሽኑ ለአፍታ ዝም አለ፣
ከዚያ ቆጠረ።